ደረቁ ሳኬ በሱሉልታ ማዕድ

ታናሽ ወንድሜ በጃፓን ሲከታተል የቆየውን ሥልጠና ጨርሶ ሲመለስ፣ ከሻንጣው ውስጥ በወፍራም ሹራብ የተጠቀለለ ባለ 720 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ አውጥቶ ሰጠኝ። ጠርሙሱ ቡናማ ነው፤ ሆዱ ላይ በብሩሽ የተጻፈ የሚመስል ጥቁር ጽሕፈት ያለበት ወረቀት ተለጥፎበታል። ሳኬ የሚባል መጠጥ መኖሩን ከመስማቴ በቀር ስለ እርሱ የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ከሩዝ የሚወጣ ብርቱ አረቄ ይመስለኝ ነበር። አረቄ አለመሆኑን፣ ይልቁንም እንደ ጠላ ተጠንስሶ የሚጠመቅ መጠጥ መሆኑን የተረዳሁት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የምጽፈው ያ አንድ ጠርሙስ በጥቂት ማዕዶች ላይ ያሳየኝን ነገር ሳይደበዝዝብኝ ለማስቀመጥ ነው። በመካከላችን ስለ መጠጥ ብርታትና ዋጋ የሚያወራ ሰው ብዙ ሲሆን፣ መጠጡ ከየትኛው ምግብ ጋር እንደሚስማማ የሚጠይቅ ግን ጥቂት በመሆኑ ጉዳዩ ሊጻፍበት የሚገባ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ቤታችን ከእንጦጦ ተራራ ጀርባ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሱሉልታ ነው። ለከተማው ቅርብ ብንሆንም ብርዱ ሌላ ነው፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጋቢ ሳይደርቡ በረንዳ ላይ መቀመጥ አይቻልም። ወንድሜ በመጣበት ሳምንት ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ሳለ ጠርሙሱን ከፈትነው፤ ያደረግነው ሁሉ ግን ስህተት ነበር። እንደ ውስኪ ቆጥረን፣ ምግብ ሳይቀርብ፣ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ በትንንሽ ብርጭቆ አዞርነው። እንግዶቹ በትሕትና ቀመሱ። አንደኛው «ውሃ ውሃ ይላል» አለ፤ አንዷ ደግሞ መጨረሻው ላይ እንደሚመራት ነገረችን። ሁለቱም ብርጭቋቸውን ወደ ጎን ገፋ አድርገው ወደ ቢራቸው ተመለሱ። ወንድሜን ላለማሳዘን ዝም አልኩ እንጂ እኔም በልቤ ከእነርሱ ጋር ነበርኩ።

ነገሩ የተለወጠው ማዕዱ ሲቀርብ ነው። ተጋቢኖው በሸክላ ድስቱ ውስጥ ገና እየተንተከተከ ነበር። ሁለት ሦስት ጊዜ ከጎረስኩ በኋላ ከፊቴ ከቀረው ሳኬ ጥቂት ተጎነጨሁ። ውሃ ያልነው መጠጥ የዘይቱንና የነጭ ሽንኩርቱን ክብደት ከምላሴ ላይ ጠርጎ ወሰደው፤ የሽሮውን ጣዕም ግን አልነካውም፤ እንዲያውም ቀድሞ ልብ ያላልኩት የሽምብራው ለስላሳ ጣፋጭነት ብቅ አለ። ምሬት የተባለውም የለም። ከሁሉ ያስገረመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ እጄ ወደ ብርጭቆው ሳይሆን ወደ እንጀራው ተመለሰ። መጠጡ ራሱን እንድደግም ሳይሆን ምግቡን እንድደግም አደረገኝ ማለት ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ ሳይሆን ጠማቂው ሆን ብሎ ያሰበበት ነገር መሆኑን ያወቅሁት በማግስቱ ወንድሜ የጠርሙሱን ጽሕፈት ቃል በቃል ሲያነብልኝ ነው።

ከተጻፉት ቃላት አንዱ «ሾኩቹሹ» ይላል፤ በምግብ መካከል የሚጠጣ መጠጥ ማለት ነው። ጃፓኖች ከምግብ በፊት፣ ወይም ለብቻው ለመዓዛው ሲባል ከሚጠጣው ሳኬ ለይተው ለማዕድ የሚሆነውን የሚጠሩበት ስም ነው። ሌላው ቃል «ካራኩቺ» ነው፤ ደረቅ ማለት ነው። የዚህ ቃል ትርጉም ራሱ አንድ ነገር ይነግራል፤ «ካራ» የሚለው ክፍል በርበሬ ሲያቃጥልና ጨው ሲበዛ የሚሉት ቃል ሲሆን «ኩቺ» አፍ ማለት ነው። በሳኬ ውስጥ ግን የሚያቃጥል ነገር የለም፤ ስኳሩ ከሞላ ጎደል ተበልቶ ማለቁን፣ ጣዕሙም ምላስ ላይ ሳይንዛዛ ቁርጥ ብሎ መጨረሱን ነው የሚገልጹበት። እኛ በጠጅ ቤት ደረቅና ለስላሳ ብለን እንደምንለየው ሁሉ እነርሱም ካራኩቺና አማኩቺ ብለው ይለያሉ፤ አማኩቺ ጣፋጩ ነው።

በጠርሙሱ ጀርባ ቁጥሮችም ነበሩ። የአልኮሉ መጠን 15 በመቶ ነው። «ኒሆንሹዶ» የሚባለው መለኪያ +8፣ የአሲዱ መጠን 1.8 ተብሎ ተጽፏል። ኒሆንሹዶ የሚለካው የመጠጡን እፍጋት ከውሃ ጋር በማነጻጸር ነው። ያልተበላ ስኳር መጠጡን ያከብደዋል፣ አልኮል ደግሞ ያቀልለዋል፤ ስለዚህ ከውሃ የከበደው ሳኬ ከዜሮ በታች፣ የቀለለው ከዜሮ በላይ ይቆጠራል። ቁጥሩ በፕላስ ወደ ላይ በሄደ መጠን መጠጡ ደረቅ ነው ይባላል። ይሁን እንጂ ቁጥሩን ብቻ ይዞ ጣዕምን መተንበይ አይቻልም፤ አሲዱ ከፍ ያለ ሳኬ ስኳር ቢኖረውም ደረቅ ሆኖ ሊሰማ ይችላል፣ አሲዱ ዝቅ ያለው ደግሞ ስኳሩ አልቆም እንኳ ለስለስ ይላል። የእኛ ጠርሙስ ሁለቱም ነበሩት፤ ስኳሩ ያለቀ፣ አሲዱም ጠንከር ያለ። ከእንጀራ ጋር የተግባባው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

አሠራሩን ከማንም በላይ የተረዱልኝ በሰፈራችን ሁላችንም እማማ የምንላቸው ጎረቤታችን ናቸው። እማማ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጠላ ሲጠምቁ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ለሠርግም ለዝክርም የሚጠሩት እርሳቸው ናቸው። ወንድሜ በጃፓን አንድ ጠመቃ ቤት ጎብኝቶ ስለነበር፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከእርሳቸው ጓሮ ተቀምጠን ያየውን ነገራቸው።

ሩዙ መጀመሪያ ይፈተጋል። «ገብስም ይፈተጋል» አሉ እማማ። አዎ፣ ነገር ግን የሳኬ ሩዝ የሚፈተገው ገለባው እስኪለቅ ብቻ ሳይሆን የፍሬው የውጭ ክፍል ራሱ እስኪወገድ ድረስ ነው፤ ምክንያቱም ፕሮቲንና ቅባት የሚበዛው በዚያ ክፍል ስለሆነና ሲበዛ ጣዕሙን ስለሚያሻክረው ነው። ጊንጆ የሚባለው ሳኬ የሚሠራው ከመጀመሪያው ክብደቱ 60 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ከቀረው ሩዝ ነው፤ ዳይጊንጆ ደግሞ 50 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ከቀረው። እነዚህ ብዙ ጊዜ የፍራፍሬና የአበባ መዓዛ ያላቸው፣ ውድም የሆኑ ናቸው። የእኛ ጠርሙስ ሩዝ የተፈተገው 70 በመቶው እስኪቀር ብቻ ነበር፤ ጁንማይ ይባላል፣ ይህም አልኮል ከውጭ ያልተጨመረበት፣ ከሩዝ፣ ከውሃ፣ ከእርሾና ኮጂ ከሚባለው ነገር ብቻ የተሠራ ማለት ነው። በእኔ እምነት ለማዕድ የሚሆነው ይህኛው ነው። የሎሚ አበባ የሚሸት መጠጥ ከወጥ ጎን ቢቀርብ ሁለቱም እኔን ስማኝ እኔን ስማኝ እያሉ ይሻማሉ፤ ዋጋው ከፍ ያለ መሆኑ ለምግብ የተሻለ አያደርገውም።

ከዚያ ወንድሜ ስለ ኮጂ ማስረዳት ሲጀምር የእማማ ፊት ተለወጠ። ኮጂ ሻጋታ ነው። በእንፋሎት የበሰለው ሩዝ ከፊሉ ተወስዶ፣ በእንጨት ወደተለበጠ ሞቃት ክፍል ገብቶ፣ የሻጋታው ብናኝ እንደ ዱቄት ይነሰነስበታል፤ ለሁለት ቀን ያህል በእጅ እየተገላበጠ፣ እየተበተነ፣ ሙቀቱ እየተጠበቀ ሩዙ ነጭ ሻጋታ ያበቅላል። «ሻጋታ? የእኔ ጋን ቢሻግት ኖሮ ደፍቼ፣ በግራዋ አጥቤ፣ እንደገና በወይራ ነበር የማጥነው» አሉ። ፍርዳቸው ትክክል ነው፤ የትኛውም ሻጋታ ለዚህ አይሆንም። ይህኛው በሳይንሳዊ ስሙ አስፐርጂለስ ኦሪዜ የሚባል፣ ለብዙ ዘመን ተመርጦና ተለምዶ የኖረ ዝርያ ነው፤ የአኩሪ አተር ስልሳቸውና ሚሶ የሚባለው ማጣፈጫቸውም በእርሱ ነው የሚሠሩት። የጃፓን የጠመቃ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2006 የአገሪቱ ብሔራዊ ፈንገስ ብሎ ሰይሞታል። ሥራው ግን እማማ ከሚያውቁት የተለየ አይደለም። ሩዝ ስታርች እንጂ ስኳር የለውም፤ እርሾ ደግሞ ስታርች መብላት አይችልም። ስታርቹን ቆርጦ ወደ ስኳር የሚለውጥ አንድ ነገር መግባት አለበት። በጠላ ይህን የሚሠራው ብቅል ነው፤ በሳኬ ኮጂ ነው። እማማ ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው ብቅላቸው ነው» ብለው ነገሩን በአንድ ቃል ዘጉት፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ለሰው ሳስረዳ የምጠቀመው የእርሳቸውን ቃል ነው።

ከዚህ በኋላ ወንድሜ ሲናገር እማማ ይቀድሙት ነበር። መጀመሪያ በትንሽ ዕቃ ኮጂ፣ የበሰለ ሩዝ፣ ውሃና እርሾ ተደርጎ የሚብላላ መነሻ አለ። ጃፓኖች ስሙን «ሹቦ» ይሉታል፣ የሳኬ እናት ማለት ነው፤ እማማ ሳይጠየቁ «ጥንስሱ» አሉ። እነርሱ እናት ሲሉት የእኛ ጥንስስ ደግሞ ፅንስን ያስታውሰኛል፤ ሁለቱም ሕዝቦች መጠጥን እንደሚወለድ ነገር አድርገው ማሰባቸው ደስ ይለኛል። ከዚያ ዋናው ድፍድፍ ይመጣል፤ «ሞሮሚ» ይባላል። ሩዙ፣ ኮጂውና ውሃው በአንድ ጊዜ አይገፋበትም፤ በአራት ቀን ውስጥ በሦስት ጊዜ ይጨመራል፣ ሁለተኛው ቀን ምንም ሳይጨመር እርሾው እንዲበዛ ይተዋል። ያ የዕረፍት ቀን «ኦዶሪ» ይባላል፣ ጭፈራ ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ቢሞላበት እርሾው ይሸነፋል፣ ሌላ ተሕዋስም ይቀድመዋል። እማማም እንኩሮውን ጥንስሱ ሳይደርስ የምትጨምር ጠማቂ ጠላዋ ሆምጣጤ እንደሚሆን ነገሩን።

ከቢራም ከወይንም የሚለየው ነገር እዚህ ላይ ነው። በወይን ስኳሩ በፍሬው ውስጥ ተዘጋጅቶ ይመጣል። በቢራ መጀመሪያ ብቅሉ ስኳር ሆኖ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ እርሾ ይገባበታል። በሳኬ ግን ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ጋን ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ ይካሄዳሉ፤ ኮጂው ጥቂት ጥቂት ስኳር ሲለቅ እርሾው እግር በእግር እየተከተለ ይበላዋል። እርሾው ስኳር ስለማይበዛበት አይደክምም፤ በዚህ ምክንያት ድፍድፉ ሳይነጠር 18፣ አንዳንዴም 20 በመቶ አልኮል ይደርሳል፤ በኋላ ውሃ ተጨምሮበት ወደ 15 ወይም 16 ይወርዳል። ጠላችንም ብቅሉና እርሾው በአንድ ጋን አብረው የሚሠሩበት በመሆኑ በዚህ ረገድ ከቢራ ይልቅ ለሳኬ ይቀርባል። ደረቅ ሳኬ እንዴት ደረቅ ይሆናል ለሚለው ጥያቄም መልሱ እዚሁ ነው። ድፍድፉ በቅዝቃዜ ውስጥ ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ገደማ ይቆያል፤ «ቶጂ» የሚባለው ዋና ጠማቂ በየቀኑ እየለካና እየቀመሰ የሚጨመቅበትን ቀን ይወስናል። ቀደም ብሎ ከጨመቀው ስኳር ይቀራል። ደረቅ ከፈለገ እርሾው በቂ ብርታት ኖሮት ስኳሩን እስኪጨርስ ይጠብቃል፤ አብዝቶ ከጠበቀ ደግሞ እርሾው መሞት ይጀምርና ጣዕሙ ይበላሻል። ጥበቡ ያለው በእነዚህ ጥቂት ቀናት ውስጥ ነው።

እማማ አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ የምትጠምቀው ማን ናት? ወንድሜ ለረጅም ዘመን ሴት ወደ ጠመቃ ቤቱ እንዳትገባ ይከለከል እንደነበር፣ ጠማቂዎቹ በክረምት እርሻቸው ሲያርፍ ከመንደራቸው የሚመጡ ወንዶች እንደነበሩ፣ ዛሬ ግን ዋና ጠማቂ የሆኑ ሴቶች እንዳሉ ነገራቸው። እማማ ለጥቂት ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «ታዲያ ያኔ ማን ይቀምስላቸው ነበር?» አሉ። ጠላ ስትቀዳ በቅድሚያ በመዳፏ አፍስሳ የምትቀምስ ሴት ባለችበት አገር ላደጉ ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው።

ስለ ውሃም መናገር አለብኝ፤ ከሳኬ አብዛኛው ክፍል ውሃ ነውና። በሕዮጎ ግዛት ናዳ የሚባለው አካባቢ በማዕድን የበለጸገ «ሚያሚዙ» የተባለ የከርሰ ምድር ውሃ አለው፤ ልዩነቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1840 ገደማ ነው። ይህ ውሃ እርሾውን ያበረታዋል፣ ፍላቱም ፈጣንና ጠንካራ ይሆናል፤ የናዳ ሳኬ ደረቅና ኮስታራ ነው የሚባለው በዚህ ነው። በኪዮቶ ከተማ ያለው የፉሺሚ ሰፈር ውሃው ለስለስ ያለ ስለሆነ መጠጡም ለስላሳ ነው። የወንድ ሳኬና የሴት ሳኬ ብለው ይለዩአቸው ነበር። ጠማቂዎች በውሃቸው ውስጥ እንዳይኖር የሚጠነቀቁት ማዕድን ደግሞ ብረት ነው፤ ብረት የሳኬውን ቀለም ያጠቁራል፣ ጣዕሙንም ያበላሻል። ይህ ጥንቃቄ ወደ ማዕዱ ሲመጣ ያልተጠበቀ ጥቅም አለው፤ ከዓሣ ጋር ስደርስ እናገረዋለሁ።

ደረቅ ሳኬ ሁልጊዜ የሚወደድ አልነበረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመንና ከዚያ ቀጥሎ በነበሩት ዓመታት ሩዝ ስላነሰ፣ አልኮልና ስኳር ተጨምሮበት የሚበዛ ጣፋጭ ሳኬ ለረጅም ጊዜ ገበያውን ይዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በረዶ የሚበዛባት የኒጋታ ግዛት ጠማቂዎች ቀለል ያለና ደረቅ ሳኬ ይዘው ሲቀርቡ የሰው ምላስ ወደዚያ ዞረ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ዩኔስኮ የጃፓንን የኮጂ ጠመቃ ዕውቀት በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍር ደስ ብሎኛል፤ የእማማና የመሰሎቻቸው ዕውቀት በወረቀት ሳይሰፍር እንዳያልፍ ያለኝ ሥጋትም በዚያው ቀን ተቀስቅሷል።

አሁን ወደ ማዕዱ ልመለስ። በጠርሙሱ የቀረውን በማቀዝቀዣ አስቀምጠን፣ ለሦስት ሳምንት ያህል በየእሑዱ ጥቂት ጥቂት እያልን ከተለያየ ምግብ ጋር ሞከርነው። ሳኬው ከመታሸጉ በፊት 65 ዲግሪ አካባቢ በሚደርስ ሙቀት የተሞቀ ስለሆነ መንገዱን ያለ ጉዳት ተሻግሮ መጥቷል፤ ይህ ማሞቅ በጃፓን ከፈረንሳዊው ሳይንቲስት ከሉዊ ፓስተር ዘመን ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ ይሠራበት የነበረ ዘዴ ነው። ከተከፈተ በኋላ ግን ቀስ በቀስ ይለወጣልና ብዙ ማቆየት አይገባም።

ከሽሮና ከክክ አልጫ ጋር ያለው ስምምነት በየጊዜው ያው ነበር። ምክንያቱን ሳስበው እንጀራው ነው እላለሁ። የእኛ ጠርሙስ «ያማሃይ» በሚባለው ዘዴ የተጠነሰሰ ነው፤ ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1909 በመንግሥት የጠመቃ ምርምር ተቋም የተገኘ ሲሆን፣ ጥንስሱን በበትር የመውቀጡን አድካሚ ሥራ ያስቀራል፤ ላክቲክ አሲድ ከውጭ ሳይጨመር በተፈጥሮ ባሉት ባክቴሪያዎች ራሱ እንዲፈጠር ይጠበቃል። የሊጥ እርሾ የጤፍ ሊጥን ሲያኮመጥጥ የሚሠራውም ላክቲክ አሲድ ነው። የሳኬው ኮምጣጣነትና የእንጀራው ኮምጣጣነት አንድ ቤተሰብ በመሆናቸው አንዱ ሌላውን አይገፋውም። የወይን ኮምጣጣነት የፍሬ ነው፤ ከእንጀራ ጋር ሲገናኝ ሁልጊዜ ሁለት የተለያዩ ኮምጣጣዎች አፌ ውስጥ የሚጋጩ ይመስለኛል።

ሌላው ጉዳይ ኡማሚ ነው፤ እንደ ሥጋ መረቅ ያለ ጥልቅ ጣዕም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ኪኩናኤ ኢኬዳ የተባሉ የቶኪዮ ኬሚስት ኮምቡ ከሚባለው የባሕር አረም መረቅ ውስጥ ግሉታሜት የተባለውን የአሚኖ አሲድ ዓይነት ለይተው አወጡና ጣዕሙን ኡማሚ ብለው ሰየሙት። ከአምስት ዓመት በኋላ ተማሪያቸው ሺንታሮ ኮዳማ በደረቀ ዓሣ ውስጥ ኢኖሲኔት የተባለውን ሁለተኛ ምንጭ አገኙ። እነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ሲገናኙ ጣዕሙ ከድምራቸው በላይ ይጎላል። ሥጋና ዓሣ ኢኖሲኔት አላቸው፤ ሳኬ ደግሞ ከወይንና ከቢራ ይልቅ በአሚኖ አሲድ የበለጸገ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው ከሰፈራችን ሉካንዳ ጮማ ያለው ዳቢት ገዝተን በጥሬው የሞከርነው። ሥጋው ጣፈጠ፣ ጮማውም ምላስ ላይ ሳይቆይ ተጠረገ። ማባያው ላይ ግን ትልቅ ልዩነት አየን። ከሚጥሚጣ ጋር ሲሆን አልኮሉ ቃጠሎውን አባባሰው፤ ሳኬው ራሱም ጠፋ። ከሰናፍጭ ጋር ሲሆን ግን ፍጹም ሌላ ሆነ፤ የሰናፍጭ ኃይል አፍንጫ ላይ ወጥቶ ወዲያው ስለሚበተን ምላሱን ለመጠጡ ነጻ ይለቅለታል። ጃፓኖች ከጥሬ ዓሣ ጋር የሚበሉት ዋሳቢም የሚሠራው በዚሁ ዓይነት ንጥረ ነገር ነው። ሰናፍጭን ከዚያ ቀን ወዲህ በአዲስ ዓይን ነው የማየው።

ከዶሮ ወጥ ጋር አልሆነም፤ ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ። የተቁላላው ሽንኩርት፣ በርበሬው፣ ንጥር ቅቤውና መከለሻው ተደምረው ሳኬውን ሸፈኑት። ለዶሮ ወጥ የማር ጣፋጭነት ያለው ጠጅ ይሻለዋል፤ ጣፋጩ ቃጠሎውን ያበርደዋልና። ከዝዋይ ሐይቅ የመጣ ቆሮሶ ተጠብሶ ሲቀርብ ግን ሳኬው ወደ ቤቱ የተመለሰ መሰለ። አንዳንድ ወይን ከዓሣ ጋር ሲጠጣ አፍ ውስጥ የሚተወው ደስ የማይል የዓሣ ሽታ በወይኑ ውስጥ ካለው ብረት ጋር የተያያዘ ነው፤ ሳኬ ከላይ በጠቀስኩት ጥንቃቄ ብረት ከሞላ ጎደል ስለሌለው ከዚህ ነጻ ነው። የጃፓን ምግብ አብሳዮች ዓሣ ሲያዘጋጁ ሳኬ ጠብ የሚያደርጉበትም ሽታውን እንዲወስድላቸው ነው።

ስለ ሙቀቱ ሳልናገር ላልፍ አልችልም፤ ለሱሉልታ ነዋሪ ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነውና። ሳኬ ቀዝቅዞ ብቻ የሚጠጣ አይደለም። 40 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ «ኑሩካን»፣ 50 ሲደርስ «አትሱካን» ይሉታል፤ ከ5 ዲግሪ እስከ 55 ባለው መካከል ለየደረጃው ስም አላቸው። መዓዛቸው ስስ የሆኑት በቅዝቃዜ ይሻላሉ፤ እንደ እኛ ጠርሙስ አሲድ ያላቸው ደረቅ ጁንማዮች ግን ሞቅ ሲሉ ይፍታታሉ። እነርሱ የሚያሞቁበት «ቶኩሪ» የሚባለው የሸክላ ዕቃ ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ጠባብ ነው። ያ ቅርጽ በቤታችን አለ፤ ብርሌ ነው። በእኛ ከፍታ ውሃ ገና 91 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስለሚፈላ፣ ድስቱን ከእሳት አውርጄ፣ ጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሬ፣ ብርሌውን አስቀድሜ በለብታ ውሃ አላምጄ አስቀመጥኩት፤ በድንገት ቢገባ ይሰነጠቃልና። ሦስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ የብርሌው ሆድ በእጅ ሲነካ የጨቅላ ገላ ያህል ሲሞቅ አወጣሁት። የሩዙ ሽታ ከጠባቡ አንገት ሲወጣ ትኩስ ቂጣ የተጋገረበት ቤት ሸተተን። ውጭ ውርጭ በወረደበት በዚያ ምሽት፣ ከክክ አልጫና ከጎመን ጋር የጠጣነው ያ ለብ ያለ ሳኬ ከጠርሙሱ ሁሉ የተሻለው ነበር። ወንድሜ በጃፓን ሰው ለራሱ አይቀዳም፤ አጠገብህ ያለው ይቀዳልሃል፣ አንተም ትቀዳለታለህ ብሎ ነገረን። ጉርሻ ለምናውቅ ሰዎች ማብራሪያ አላስፈለገንም።

ጠርሙሱ አልቋል። በዚያው ሳምንት እማማ ለዝክር የጠመቁት ጠላ ደርሶ ነበርና፣ እንደ ሳኬው ደረቅ የሆነውን ላሳይህ ብለው ከጋኑ ግርጌ ሳይሆን ከመካከሉ፣ ጠርቶ ከቆየው ቀድተው በትንሽ ጣሳ ይዘውልኝ መጡ። በመዳፋቸው ቀምሰው ሰጡኝ። የወይራው ጭስና የጌሾው ምሬት ቀድሞ መጣ፤ ከዚያ ቁርጥ ብሎ ጠፋ፣ ጣፋጭ ነገር አልተወም። ባለቤቴ ሽሮውን አወጣች፣ እንጀራው ተዘረጋ፣ ወንድሜም መጥቶ ተቀላቀለን። ሳኬና ጠላን ላነጻጽር ብዬ ማስታወሻ ደብተሬን አጠገቤ አስቀምጬ ነበር። እማማ አጎረሱኝ፤ እኔም ቀዳሁላቸው። ድስቱ እስኪጠረግ ድረስ አንዳችንም ስለ መጠጡ አላነሳንም፤ ደብተሩም እንደተዘጋ ቀረ።